ከጣርማ በር ቁልቁል፣ የሻይ ቅመም ፍለጋ ወደ ከሚሴ

ለዚህ ጉዞ ያነሣሣኝ አንድ ጠርሙስ ጂን ነው። ጂን በሻይ ቅጠል ዘፍዝፌ፣ ሎሚና ማር ጨምሬ፣ ቤቴ ለሚመጣ እንግዳ ቀዝቃዛ ኮክቴል መሥራት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። አሠራሩን የወሰድኩት ኒውዮርክ ውስጥ በዚህ ሙያ ስሟ ከሚነሣው ከኦድሪ ሳውንደርስ ነው፤ እሷ ኧርል ግሬይ የተባለውን ሻይ ጂን ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ትዘፈዝፍና አጥልላ፣ በሎሚ፣ በስኳር ውሃና በእንቁላል ነጭ መትታ ታቀርበዋለች። ኧርል ግሬይ መዓዛውን የሚያገኘው ቤርጋሞት ከሚባል የሎሚ ዘመድ ልጣጭ ነው። መዓዛው ግሩም ነው፣ ግን እኔ ያደግኩበት ሻይ እንደዚያ አይሸትም፤ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ነው የሚሸተው። ይህን ለአንድ የከሚሴ ልጅ ለሆነ ወዳጄ ባወራው "የሻይ ነገር ከሆነማ እናቴ ዘንድ ሂድ" አለኝ። እሱ አልኮል አይቀምስም፣ እናቱም እንደዚያው፤ ቢሆንም መንገዱን በገበያ ቀን አሰላልኝ፦ ሰንበቴ እሑድ ይቆማል፣ ባቲ ሰኞ፣ ቤታቸው ደግሞ በመካከሉ ነው።

ቅዳሜ። ከላምበረት መናኸሪያ ገና ጎሕ ሲቀድ በሚኒባስ ተነሣን፤ እስከ ሸዋ ሮቢት 225 ኪሎ ሜትር ነው፣ 600 ብር ከፈልኩ። ወሩ ኅዳር ስለሆነ የሰሜን ሸዋ ሜዳ ገብሱ እየታጨደ፣ ክምሩ በየደጃፉ እየቆመ ነበር፤ ብርዱ በመስኮት ስንጥቅ እየገባ ጉልበት ይይዛል። ደብረ ብርሃን (130 ኪሎ ሜትር) ለቁርስ ወረድን። እንቁላል ፍርፍር በትኩስ ዳቦና ሻይ፣ በአንድ ላይ 140 ብር። ሻይው ቅጠሉ ከማለዳ ጀምሮ በትልቅ ማንቆርቆሪያ ሲንተከተክ የቆየ ነው፣ ጥቁር፣ ምላስ የሚይዝ፣ ምሬቱን በስኳር ያስታገሱት። ለዚያ ብርድ ጥሩ ነው፤ እጄን በብርጭቆው አሞቅኩ። ቅጠል ውሃ ውስጥ በፈላ ቁጥር ታኒን የተባለው ምላስ የሚያደርቀው ነገር ይበዛል፣ የዚያ ሻይ ጠባይም ከዚያ የመጣ ነው።

ከደብረ ብርሃን በኋላ መንገዱ ወደ ጣርማ በር ይወጣል። ከፍታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ ጣልያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ እዚያው ነው። ወደ ዋሻው የገባነው በፀሐይ ነበር፣ የወጣነው ግን በጉም ውስጥ ነው፤ ሹፌሩ መብራቱን አብርቶ ጥሩምባውን እየነፋ በዝግታ ቁልቁል ወረደ፣ ተሳፋሪውም ወሬውን አቋርጦ ገደሉን ያይ ጀመር። ጉሙ ከፈት ሲል ወፍ ዋሻ ደን ካለበት በኩል ጥቁር አረንጓዴ ጥድና ዝግባ ታየኝ። ጂንን ጂን የሚያሰኘው የጥድ ፍሬ ነው፤ ከእህል የወጣ ጣዕም የሌለው አልኮል በጥድ ፍሬ ተዘፍዝፎ ወይም እንፋሎቱ በፍሬው መካከል አልፎ ዳግም ሲወጣ ነው መጠጡ ስሙን የሚያገኘው። ለዚያ የሚለቀመው ግን በአውሮፓ የሚበቅለው ቁጥቋጦ ጥድ ነው፣ የእኛው ረጅሙ ጥድ ዘመዱ ይሁን እንጂ ዝርያው ሌላ ነው። ይህን እያወቅኩም ያ ጫካ ሲያልፍ አንገቴን አዙሬ እስኪጠፋ አየሁት።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መስኮቱን ከበቡት። ከዚያ በኋላ በየጥምዝምዙ አንድ ልብስ እየወለቀ፣ ጋቢው ተጣጥፎ፣ ጃኬቱ ጭን ላይ ተቀምጦ፣ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሁሉም በሸሚዝ ነበር። መንገድ ዳር ፓፓያና ሙዝ ተደርድሯል። ያደርኩበት ፔንሲዮን 400 ብር ነበር፣ አልጋው አጎበር አለው፤ ቆላው የወባ አገር ነው። አጎበሩ ውስጥ ጋደም ብዬ ጂንን ከቶኒክ ጋር ያገናኘው ይኸው ወባ መሆኑን አሰብኩ። ህንድ የነበሩ እንግሊዞች ለወባ መከላከያ የሚወስዱት ኪኒን እጅግ ስለሚመር በስኳርና በውሃ በጥብጠው፣ ጂን ጨምረው ይጠጡት ነበር፤ ዛሬ በየሆቴሉ የሚቀርበው ጂን በቶኒክ ከዚያ የወረደ ነው።

እሑድ። ሰንበቴ ለመድረስ ማልጄ ተሳፈርኩ፣ 100 ብር። ጀውሃን አልፈን ገበያው ጋ ስንደርስ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን መሬቱ በሰው ተሸፍኗል። ከደጋው የወረደ አማራ፣ የአገሬው ኦሮሞ፣ ከቆላው የመጣ አፋር፣ አርጎባም እንዲሁ፣ ሁሉም የየራሱን ይዞ ይመጣል፤ እህል፣ ፍየል፣ ቅቤ፣ ሸክላ፣ የስፌት ዕቃ። አንዱ ሻጭ ለመጀመሪያው ገዥ በኦሮምኛ፣ ለሁለተኛው በአማርኛ ዋጋ ሲነግር፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ሌላ ቋንቋ ሲዞር ሰማሁ፤ ሦስተኛውን ለይቼ አላወቅኩትም። የማሽላ አገዳ የተሸከሙ ሴቶች በመካከል ሲያልፉ ሕዝቡ ለሁለት ይከፈላል።

ቅመም ተራው በአንድ ወገን ነው። ማዳበሪያ ተነጥፎ፣ በላዩ እንደየዓይነቱ ትናንሽ ቁልል፣ መስፈሪያው የቡና ሲኒ። አንዲት ወጣት ሻጭ ፊት ቁጢጥ ብዬ ቅርንፉድ ስጠይቅ፣ ዋጋ ከመንገሯ በፊት "ለወጥ ነው ለሻይ?" አለችኝ። ለሻይ ስላት ከኋላዋ ሌላ ከረጢት ፈታች። የሻዩ ቅርንፉድ ራሱ ያልተሰበረ፣ ወፈር ያለ ነው፤ አንዱን በጥፍሯ ተጭና ቅባቱን አሳየችኝ፣ ካልወዛ ያረጀ ነው። ሲኒውን በ80 ብር ሰፈረችልኝ። ቀረፋው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፣ ሄሉም እንደዚሁ፤ ኮረሪማው ግን ከደቡብ ምዕራብ ጫካችን ነው። ለሻይ ኮረሪማ ትጨምሩበታላችሁ ወይ ስላት "እንደ ቤቱ ነው" አለች። ጠጅ ሳር በትንሽ እስር 10 ብር። ሳሸተው እጄ ቀኑን ሙሉ ሎሚ ሎሚ ሲል ዋለ።

ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ በአጣዬ በኩል ይታለፋል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. በደረሰባት ጥፋት የተቃጠለው ቤት ብዙ ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ወሬው ዝቅ አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። የተሠራውን አዲስ ቆርቆሮና ገና ያልተሠራውን ግድግዳ በመስኮት እያየሁ አለፍኩ። ካራቆሬ ላይ አንድ ሽማግሌ በ1953 ዓ.ም. ስለደረሰው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከአባታቸው የሰሙትን ነገሩን፤ የማጀቴ ከተማ ያኔ እንዴት እንደፈረሰች።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ላይ ናት። ዋናው አውራ ጎዳና መካከሏን ሰንጥቆ ያልፋል፣ ከባድ መኪናው፣ ባጃጁና ግመሉ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ስደርስ ሙቀቱ ገና አልበረደም። ወዳጄ ነግሯቸው ስለነበር እናቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። "እንደምን ዋሉ እማማ" ስላቸው "አብሽር ልጄ፣ ግባ፣ ደክሞሃል" ብለው ሻንጣዬን ከእጄ ሊቀበሉኝ ሞከሩ። እግሬን ታጥቤ እንደተቀመጥኩ የመጀመሪያው ሻይ መጣ። ቀለሙ ቀይ ነው፣ ጥቁር አይደለም፤ ብርጭቆውን ወደ በሩ ብርሃን ሳነሣው በውስጡ ማዶው ይታያል። ከስኳሩ በፊት መዓዛው ይቀድማል፣ ምሬት ፈጽሞ የለውም። እንዴት እንደሆነ ወዲያው ልጠይቅ ፈልጌ ነበር፣ ግን የመግሪብ አዛን ተሰማ፤ እሳቸውም ለሶላት ተነሡ። ራት የማሽላ እንጀራ በምስር ወጥ ነበር፣ ከጎኑ እርጎ።

ሰኞ። ባቲ። ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ 150 ብር፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ያህል፣ 120 ብር። ከከሚሴ እንደወጣን የጨፋ ረግረግ ይዘረጋል። ቦርከና ወንዝ የሚያረጥበው ሜዳ ነው፣ ዳር ዳሩ የደረሰ ማሽላ፣ ውስጥ ውስጡ ሣር፣ ነጫጭ ወፎች ከከብቱ ጀርባ ላይ። በበጋው ድርቅ ሲበረታ አፋሮች ከነመንጋቸው እዚህ ይሰፍራሉ፤ ሣሩን ተካፍሎ መኖር ሁልጊዜ ቀላል እንዳልሆነ አብሮኝ የተቀመጠው ገበሬ ነገረኝ። ሐርቡን አልፈን ኮምቦልቻ ገባን። የቢጂአይ ቢራ ፋብሪካ እዚህ ነው፤ ከሚሴና ባቲ መካከል፣ አብዛኛው ሰው ቢራ በማይቀምስበት አገር ዳርቻ። የሚጠጣውም የማይጠጣውም አንድ ሚኒባስ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ይሄዳል።

ባቲን ብዙ ሰው የሚያውቃት በዜማ ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሟን ይዟል። ገበያዋ ግን ለጆሮ ሌላ ነገር ነው። የግመል ማጉረምረም፣ የፍየል ጩኸት፣ የሻጭ ጥሪ። አፋሮች ጊሌ የተባለውን ጩቤያቸውን በወገባቸው ታጥቀው ግመሎቻቸውን ይዘው ቆመዋል፣ የደጋው ሰው እህሉን ይዞ። ከአንድ የሸራ ጥላ ሥር ገብቼ ሻይ አዘዝኩ፣ 15 ብር። አጠገቤ የተቀመጡ ሁለት የአፋር ሽማግሎች ረጅም ጉዳይ ይዘው ነበር፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ባጭሩ ይቀበላል፣ ደግሞ ይቀያየራሉ። አንዲት ቃል አልገባኝም። ቦታ ሲለቁልኝ በእጅ ምልክት አመሰገንኩ። ሎሚና ግማሽ ኪሎ ማር ገዛሁ። ማሩን ያቀመሰችኝ ሴት ጣቴን ራሴ እንዳስገባ አልፈቀደችም፤ በእንጨት አንሥታ በእጄ ጀርባ ላይ አደረገችልኝ።

ማክሰኞ። ቀኑን ሙሉ ከሚሴ፣ ማጀት ውስጥ። እማማ ማለዳ ከሰል አቀጣጥለው ጠሩኝ። ውሃው ገና ቀዝቃዛ ሳለ ቀረፋውን ሰባብረው ከተቱ፤ ትንሽ ቆይቶ ሄሉን ቀጥቅጠው፣ ከዚያ ቅርንፉድ። ስንት ፍሬ እንደሆነ ስጠይቅ "ለአራት ሰው ሁለት፣ ሦስተኛው ጥርስ ያማል" አሉ፤ ቅርንፉድ ከበዛ ምላስን እንደሚያደነዝዝ ማለታቸው ነው። ውሃው ተንተክትኮ ቤቱ በሙሉ እስኪሸት ዝም ብለው ጠበቁ። ዝንጅብል ዛሬ አልጨመሩም፤ ለጉንፋን ነው አሉ።

የሻይ ቅጠሉ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በአገራችን የሻይ ቅጠል ከውሽውሽና ከጉመሮ እርሻዎች ይመጣል፣ አንዱ ከፋ፣ ሌላው ኢሉባቦር፤ ከከሚሴ እጅግ ሩቅ ነው። እማማ ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ አውርደው፣ መፍላቱ እስኪተው ጠብቀው፣ ቅጠሉን በመዳፋቸው መጥነው በተኑበት፣ ከደኑት። ወሬ ልጀምር ስል በእጃቸው ከለከሉኝና በከንፈራቸው አንድ ነገር ማለት ጀመሩ። ዚክር ይሁን ቁጥር ለይቼ አልሰማሁም፤ እሱ ሲያልቅ ክዳኑን ከፍተው ወዲያው አጠለሉት። "ቅመሙ ይቆያል፣ ቅጠሉ አይቆይም" አሉኝ። ስኳሩን በየብርጭቆው ሳይሆን እዚያው ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጨመሩ፣ አንዲት ቅጠል ጤና አዳም በእኔ ብርጭቆ ላይ። "ጀባ" ብለው ሰጡኝ።

ስፈልገው የመጣሁት ይኸው ነበር። ቤት ውስጥ ጂኑን ስሠራ ቅመምና ቅጠል በአንድነት ነበር የምዘፈዝፈው፤ የወሰድኩት አሠራር ቅመም የሌለበት ስለሆነ ስለ ተራው የሚነግረኝ አልነበረም። የቀረፋ እንጨት መዓዛውን ለመልቀቅ ይዘገያል። የሻይ ቅጠል ግን ገር ነው፣ በፈላ ውሃ ውስጥ በደቂቃዎች፣ በአልኮል ውስጥ ደግሞ ያለ ምንም እሳት በአንድና በሁለት ሰዓት ያለውን ሁሉ ይሰጣል፣ ከዚያ በኋላ የሚያወጣው ምሬት ብቻ ነው። ይህን ከሰል ፊት ተቀምጬ ሳየው የገባኝን ያህል በጽሑፍ አልገባኝም ነበር።

ቅመሙን ለምን እንደፈለግሁት ሲጠይቁኝ ልዋሻቸው አልፈለግሁም። ከመጠጥ ጋር እንደምቀላቅለው፣ መጠጡም ጂን እንደሆነ ነገርኳቸው። ፊታቸው አልተቆጣም። ፍሙን ትንሽ ቆሰቆሱና "እሱን አንተና ጌታህ ታውቃላችሁ። ሻይው ግን ሻይ ይሁን፣ አታበላሸው" አሉ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው "ቀሪቦውን አሳዪው" አሏት።

ቀሪቦ አልኮል በማይጠጣ ቤት ለበዓል፣ ለሠርግ፣ ለእንግዳ የሚቀርበው የገብስ መጠጥ ነው። ልጅቱ እያሠራችኝ ነገረችኝ። ገብሱ እስኪጠቁር፣ ግን ሳያርር ይቆላል፤ ከዚያ ይከካል፣ በውሃ ይፈላል፣ ይጠለላል። ሲበርድ ስኳርና ቁንጥር እርሾ ይገባበትና አፉ ተዘግቶ ያድራል፣ ጠዋት እንደገና ስኳር ይጨመርበታል። ከአንድ ሌሊት አሳልፈው አያቆዩትም፣ ከቆየ ይመጥጣል፣ ለእነሱም የማይሆን ነገር ይሆናል። ትናንት የተዘጋጀ አንድ ጀሪካን ነበራቸው፤ ስትከፍተው ተነፈሰ። ቡናማ ነው፣ አረፋው ቀጭን፣ ጣዕሙ የተቆላ እህልና ካራሜላ፣ መጨረሻው ላይ ስስ ኮምጣጣ። የተረፈውን ቀዝቃዛ የቅመም ሻይ በግማሽ ብርጭቆ ቀሪቦ ላይ አፍስሼ፣ የባቲ ሎሚ ጨምቄ ቀመስኩ፣ ለልጅቱም ሰጠኋት። ሎሚ ይጨመር አለች። ጨመርን። የተቆላው ገብስ ለሻዩ ወገብ ሰጠው፣ ሎሚው ደግሞ ሁለቱን አስታረቃቸው፤ አንድም ጠብታ አልኮል ሳይፈስበት እውነተኛ ኮክቴል ሆነ፣ መዓዛ፣ ጣፋጭ፣ ኮምጣጣና መራራ ያለው። እማማ አንድ ጊዜ ቀምሰው "አይከፋም" አሉ፣ ወደ ቡናቸው ተመለሱ።

ከሰዓት በኋላ ቡና ተፈላ። ጎረቤት ሴቶች መጡ፣ ዕጣን ተጨሰ፣ ከአቦል እስከ በረካ ዱዓው አልተቋረጠም። አንዷ በኦሮምኛ ትጀምራለች፣ በአማርኛ ትቀጥላለች፣ አረብኛ ትጨምርበታለች፤ ሌሎቹ እጃቸውን ዘርግተው "አሚን" ይላሉ። እኔም ከእነሱ ጋር አሚን አልኩ። ምን እንደተለመነልኝ ልጅቱን ብጠይቃት "መንገድህን ነው" አለችኝ፣ የቀረውን አልተረጎመችልኝም።

ረቡዕ። በቀጥታ አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ፣ 850 ብር። ጣርማ በር ላይ ጉሙ የለም፤ ያ ሁሉ ቆላ ከታች እስከ አድማስ ታየ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሳላርፍ ጀመርኩ፣ አሠራሩን እዚህ አሰፍረዋለሁ። ባሮ ጂን ነበረኝ፣ 250 ሚሊ ሊትር ቀዳሁ። የጣት ርዝመት ቀረፋ ሰብሬ፣ ሁለት ሄል ቀጥቅጬ፣ ቅርንፉድ አንድ ብቻ፤ አልኮል ቅርንፉድን ከውሃ ይልቅ አጥብቆ ይስባል። በብልቃጥ ከድኜ አሳደርኩት። ጠዋት ቅመሙን አውጥቼ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ የሻይ ቅጠል ጨመርኩ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እየቀመስኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ምላሴ ጠርዝ ላይ መድረቅ ሲጀምር በነጠላ ቁራጭ አጠለልኩት። ቀለሙ እማማ ቤት በበሩ ብርሃን ያየሁት ቀይ ነው።

ለአንድ ብርጭቆ ሃምሳ ሚሊ ሊትር ጂን፣ የአንድ ትንሽ ሎሚ ጭማቂ፣ እኩል በሞቀ ውሃ የተፈታ ማር አንድ የሾርባ ማንኪያ ከግማሽ፣ በረዶ፤ ክዳን ባለው ብልቃጥ እጅ እስኪያቀዘቅዝ መምታት። ጠጅ ሳሩን በበረዶው መካከል ሰካሁት። የጂኑ ጥድ ከፊት ይመጣል፣ ቀረፋው ይከተላል፣ ሻዩ መጨረሻ ላይ ይቀራል፣ ሳይመር።

ቅዳሜ የከሚሴው ወዳጄ መጣ። ለእሱ የጂኑን አላቀረብኩለትም። በዋዜማው እኔው የቆላሁትን ቀሪቦ በቀዝቃዛ ሻይና በሎሚ ቀላቅዬ ሰጠሁት። ገብሱን ትንሽ ቀደም ብዬ ከእሳት አውርጄው ስለነበር እንደ ልጅቱ አልጠቆረም። ወዳጄ አንድ ጊዜ ጠጣ፣ ስልኩን አወጣና ለእናቱ ደወለ፤ በኦሮምኛ ሲያወሩ "ቀሪቦ" እና "ሎሚ" የሚሉትን ብቻ ለየሁ። ስልኩን ዘግቶ "ገብሱን ጨምረህ ቁላው ብላሃለች" አለኝ፣ ብርጭቆውንም መልሶ ዘረጋልኝ።